ቃሉ የማን ነው

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ የሚገባው ከንጋት ጋር ነበር። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋና ከተማው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ ወይዘሮ ማስተዋል ይመር እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ፊት ትቆማለች። ቃሏ እስኪነበብላት ትጠብቃለች።

«ከእኔ የደከመውን ጥዬ አላልፍም» ይላል ቤቱ። ድምፁ የራሷ ነው፤ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የተቀዳ።

«አላልፍም» ትላለች እሷ።

በሩ ይከፈታል።

ማታ ስትመለስ ደግሞ «ቃልሽን ጠብቀሽ ዋልሽ?» ይላታል። «ዋልሁ» ትላለች፤ መብራቱ ይበራል።

በአያቶቿ ዘመን ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር የሚጽፉት ስልጠና ላይ ነበር ይባላል። አሰልጣኙ ለተሰበሰበው ሰው ወረቀት ያድልና «የምትኖሩለትን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ይላል። ይጽፋሉ፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። አሁን ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቃል ቤት ማስመዝገብ አለበት። የሚመደብበት ሥራና የሚኖርበት ሠፈር ከዚያ ይወጣል። ልብስ ሰፊው ዓረፍተ ነገሩን በልብሱ ግራ ደረት ላይ በክር ይጽፍለታል። ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ደረት ያያል፤ ፊት የሚታየው ቀጥሎ ነው። «ቃልሽ ይጽና» ይባላል፤ «አሜን፣ ያንቺም» ይባላል። ሽማግሌ ሲላክ የሁለቱ ቤት ቃል ጎን ለጎን ይነበባል። እድሩ ሲቀብር የሟቹን ቃል ከስሙ ያስቀድማል።

የማስተዋል ቃል በከተማው ከታወቁት አንዱ ነበር። በእሱ የተነሣ በሃያ አንድ ዓመቷ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ተመደበች፤ አሁን የቤቱ ኃላፊ ናት። ሥራዋን አትበድልም። የትኛው ሽማግሌ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ የትኛዋ አሮጊት ሾርባው ሲበርድ እንደምታኮርፍ ታውቃለች። አዲስ ተመዳቢ ሲመጣ ወደ እሷ ይላካል፤ «እንዴት እንደሚኖርበት እሷን ተመልከቱ» ይባላል። ሰው እንዲህ ሲላት ጆሮዋ ይግላል፣ ዓይኗ መሬት ይፈልጋል። ይህን ሁሉም ትሕትና ይለዋል።

ማስተዋል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ረድኤት ትባላለች። ረድኤት በዚያ ሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ መጻፍ ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሁለት ጊዜ አስገብታ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል፤ የመጀመሪያው «ሕይወት የለውም» ተብሎ፣ ሁለተኛው «ብዙ ሰው የሚለው ነው» ተብሎ። አራት ጊዜ የተመለሰበት ሰው ቃል የለሽ ሆኖ ይቀራል። ቃል የለሽ ምደባ የለውም፤ ደረቱም ባዶ ነው።

«እማ» አለች አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እስክሪብቶዋን ጥላ። «ያቺን አሮጊት እንደገና ንገሪኝ።»

«ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚልኝ።»

ማስተዋል ነገረቻት። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አንዲት አሮጊት ከነዘንቢሏ ወደቀች። ሰው ሁሉ ተራምዷት አለፈ። ማስተዋል ብቻ ቆማ አነሣቻት፤ በዚያ ሌሊት ዓረፍተ ነገሩ መጣላት። አሮጊቷ ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር። ሻሹን ማስተዋል የጨመረችው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ ሠላሳ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንዲት ሴት «ምን ለብሳ ነበር?» ብላ ስትጠይቃት ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ ያለ ቢጫ ሻሽ ወድቃ አታውቅም።

ረድኤት አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አለች። «ቢገጥመኝም እንደ አንቺ የምቆም አይመስለኝም።»

በማግሥቱ ግን ፊቷ በርቶ መጣች። ከበሩ ሳትገባ መናገር ጀመረች።

«እማ፣ ተገላገልኩ። መውረስ ይቻላል አሉኝ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ልጅ የእናቱን ወይም የአባቱን ቃል መውረስ ይችላል፤ አዲስ ደንብ ነው። የአንቺን ልወርስ ተመዘገብኩ።»

ማስተዋል የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «የራስሽን ጻፊ እንጂ።»

«ከዚህ የተሻለ ከየት አመጣለሁ? ምስክር ብቻ ነው የቀረው። ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው፣ ከመጀመሪያው መዝገብ። ያንቺ መዝገብ ላይ አንድ ስም ብቻ አለ። ሰዓዳ እንድሪስ። ማናት?»

«የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች።»

«ስሟን ጠርተሽ አታውቂም።»

«ከተማውን ለቃ ይሆናል።»

«አልለቀቀችም። ሐረጎ ዳገቱ ላይ ናት ይላል። ሐሙስ ተቀጥረናል።»

ማስተዋል «ጥሩ» አለች።

እውነቱ እንዲህ ነበር። ማስተዋልና ሰዓዳ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ጓደኛሞች ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ማስተዋል ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ተመለሰባት። አራተኛው የመጨረሻዋ ነበር። በጭንቀት ሰዓዳ ቤት ሄደች። ሰዓዳ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ደብተሯ አልጋው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ገጹ ላይ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም አልነበረም። ማስተዋል አነበበችው። የሰረቀች አልመሰላትም፤ ያነበበች ብቻ ነው የመሰላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ስትደጋግመው ሄደች፤ በማግሥቱ ጠዋት ቃል ቤት በር ላይ ከተሰለፉት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሠራተኛው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ ያንኑ ይዛ መጣች።

ሁለቱም ተጠሩ፤ ጎን ለጎን ቆሙ። «ቃሉ የማን ነው?» አለ ሠራተኛው።

«የእኔ ነው» አለች ማስተዋል። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኋላ ኋላ ይህን ቀን ባሰበች ቁጥር ከሁሉ የሚያሳፍራት ይህ ነበር፤ አለመንቀጥቀጡ።

ሰዓዳ ዞራ አየቻት። ማስተዋል ጩኸት ጠብቃ ነበር። ሰዓዳ ግን የታመመ ሰው እንደሚታይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየቻትና ወደ ሠራተኛው ተመለሰች። «ሌላ የለኝም» ብላ ወጣች። ሌላ ለመጻፍ ደንቡ ይፈቅድላት ነበር፤ አልተመለሰችም። ስሟ በማስተዋል መዝገብ ላይ «በተመሳሳይ ቃል የቀረበች» ተብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ማስተዋል ሦስት ጊዜ በመንገድ አግኝታታለች። አንዱ ገበያ ላይ ነበር። ሰዓዳ ደረቷ ባዶ ልብስ ለብሳ በሁለት እርምጃ ርቀት ስታልፍ ማስተዋል ቲማቲም ላይ አቀርቅራ የምትመርጥ መሰለች።

እሑድ ጠዋት ማስተዋል ወደ ደሴ በሚወጣው ባቡር ተሳፍራ ሐረጎ ላይ ወረደች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። «ሰዓዳ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም ብላ ወሰነች፤ ሲረዝም ሰበብ ይሆናል። ከዚያ «ለልጄ አትንገሪብኝ» ሳይሆን «እኔው እነግራታለሁ» ልላት ነው ብላ አሰበች። ባቡሩ ውስጥ ሳለች ይህ የሚቻል ነገር ይመስል ነበር።

የቃል የለሾች ሠፈር ከጣቢያው በላይ ነው። ሰዎቹ ደረታቸው ላይ ምንም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ከደጁ ተቀምጦ ፊቷን አየና «እንዴት አደርሽ?» አላት። ማስተዋል አፏ ላይ «አሜን፣ ያንተም» መጣባት፤ ዋጠችው። «ደህና» አለች። ምን ተብሎ እንደሚመለስ ጠፍቷት ነበር።

ሰዓዳ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ጃንጥላ ትጠግን ነበር። በዚያ ፀሐይ ያለ ጃንጥላ የሚሄድ ስለሌለ ሥራ አታጣም። ከሻሿ ሥር የሚታየው ፀጉር ሸብቷል፤ ጣቶቿ ሽቦ የሚይዝ ሰው ጣቶች ናቸው።

«ሰዓዳ።»

ቀና አለች። «ማስተዋል» አለች፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ግቢ።»

በርጩማ ሳበችላት፣ ውኃ ቀዳችላት። ስለ እናቷ ጠየቀቻት። ከሞተች አሥር ዓመት መሆኑን ስትሰማ «ነፍስ ይማር። ደግ ሴት ነበሩ፤ ቤታችሁ መጥቼ ሳልበላ ወጥቼ አላውቅም» አለች። ማስተዋል ውኃውን ጠጥታ ጨረሰች። ይቅርታውን ለመጠየቅ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ልጅ አለችኝ» አለች። «ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ሆናት።»

«አላህ ያሳድግልሽ።»

«ቃሉን ልትወርሰው ነው። ምስክር ይፈለጋል አሉ። መዝገቡ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ሰዓዳ ክሩን በመርፌው ዓይን አሾለከች። «ምን ብዬ ነው የምመሰክረው?»

«ከየት እንደመጣ ይጠይቁሻል። እኔ ለሰው የምናገረው… አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወድቃ ነበር እላለሁ።»

«አሮጊት።»

«ቢጫ ሻሽ ያሰረች።»

የሰዓዳ እጅ ቆመ። «ቢጫ ሻሽ» አለች ቀስ ብላ። አልተሳለቀችም፤ ሰምታው የማታውቀውን አገር ስም የምትይዝ ትመስል ነበር። ማስተዋል መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ የሐሰት ምስክር ስትለምን ራሷን ሰማች፤ ሰምታም አላቆመችም። «ልጅቱ በጣም ነው የወደደችው» አለች። «ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለእሷ።»

«ስሟ ማነው?»

«ረድኤት።»

«መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት።»

«እመጣለሁ» አለች ሰዓዳ። ማስተዋል ስትነሣ ጃንጥላዋን ከእጇ ወሰደችው። «አንዱ ሽቦ ወልቋል» ብላ ቁጭ አለች፤ ሁለቴ ጠምዝዛ፣ በክር አስራ፣ ዘርግታ አይታ መለሰችላት። ማስተዋል «እግዜር ይስጥልኝ» ማለቷን ራሱ እርግጠኛ አልነበረችም። ዳገቱን ወርዳ፣ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጣ፣ ኮምቦልቻ ሊደርሱ ሲሉ «ይቅር በይኝ» የሚለው ሳይነሣ መቅረቱን አሰበችው።

«ቃልሽን ጠብቀሽ ዋልሽ?» አለ ቤቱ።

«ዋልሁ» አለች። መብራቱ እንደ ወትሮው በራ።

ሐሙስ ቃል ቤት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ተቀመጠ። አንዷ ወይዘሪት አፎምያ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ትሑት ሠራተኛ፤ ደረቷ ላይ «የሰው ጊዜ አላባክንም» ይላል። በደንቡ መሠረት ሦስት የእድር ሰዎች በታዛቢነት ተቀምጠዋል። ማስተዋልና ረድኤት ጎን ለጎን ናቸው። ሰዓዳ መጨረሻ ገባች፤ ታጥቦ የተተኮሰ ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች። የእድሩ ሰዎች ደረቷን አይተው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ። ረድኤት ብድግ አለች።

«እትዬ ሰዓዳ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችላት፤ እሷ ሌላ ወንበር ስባ በእናቷ ሌላኛው ጎን ተቀመጠች። ማስተዋል ልጇን አየች፤ እሷ እንዲህ አላስተማረቻትም።

አፎምያ የማስተዋልን ታሪክ ረድኤት ከሞላችው ማመልከቻ አነበበች፣ ከነቢጫ ሻሹ። ከዚያ ወደ ሰዓዳ ዞረች።

«ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«አሮጊቷ ስትወድቅ ነበሩ?»

ሰዓዳ መልስ ከመስጠቷ በፊት ረድኤትን አየቻት። ልጅቱ በጉጉት ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ ትጠብቃለች።

«አሮጊት አልነበረችም» አለች ሰዓዳ። «ልጅ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ።»

አፎምያ መጻፏን አቆመች። «ይቀጥሉ።»

«ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ልጅቱ ከገጠር አዲስ መጥታ ማንንም አታውቅም ነበር። ትንኝ የሚያመጣው የትኩሳት ወረርሽኝ የገባበት ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርከና ድልድይ ላይ ወደቀች። ልብሷ ላይ አስመልሷታል። ተማሪው አፍንጫውን እየያዘ አለፈ። እኔም አልፌ ነበር፤ አሥር እርምጃ ያህል ሄጃለሁ። ከዚያ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ዛሬም አላውቅም። አዘልኳት። አልከበደችኝም፤ አጥንት ብቻ ነበረች። ቤቷ እስክንደርስ ጀርባዬ ላይ ሆና ‹ለማንም አትንገሪ፣ አፍራለሁ› ትለኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።»

ማስተዋል ድልድዩን አየችው። ጉንጯን ያሳረፈችበት የሰዓዳ ትከሻ፣ የደብተሮቹ ማሰሪያ፣ ቁልቁል የሚታየው ውኃ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣ። ረስታው አልነበረም፤ የማይነካ ቦታ አስቀምጣው ነበር እንጂ። አልጋው ላይ የተከፈተውን ደብተር ስታነብ፣ ከዚያም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በር ፊት ቆማ ስትደግመው፣ «ከእኔ የደከመው» የተባለው ራሷ መሆኗ አንድም ቀን አልታሰባትም።

«ልጅቱ ማናት?» አለች አፎምያ።

«ያን መናገር የእሷ ነው።»

አፎምያ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያየች። «ሁለቱ ታሪክ አይገጥምም» አለች። ወደ ማስተዋል ዞረች። «ወይዘሮ ማስተዋል፣ ቃሉ የማን ነው?»

ድሮ የጠየቃት ሠራተኛ ሳይሞት አይቀርም፤ ጥያቄው ግን አንድ ቃል አልተለወጠም። ሰዓዳ እንደ ያኔው ዝም አለች። ማስተዋል የልጇ እጅ ከወንበሩ ዳር ወደ እጇ እየተጠጋ መሆኑን አየች፤ ልታጽናናት ነው።

«የእሷ ነው» አለች፣ እጁ ሳይደርስባት። «ልጅቱም እኔ ነኝ። ደብተሯ ላይ አንብቤ ቀድሜያት አስገባሁ። አሮጊት የለችም። ሻሽም የለም።»

የረድኤት እጅ ባለበት ቆመ።

«ወይዘሮ ሰዓዳ» አለች አፎምያ፣ «ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?»

«አራተኛዋ ነበር» አለች ሰዓዳ። «ብናገር የምትወድቀው እሷ ነበረች።»

አፎምያ ሁሉንም መዘገበችና ለውሳኔ ላከች። ውሳኔው የደረሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ቆማ አነበበችው። ቃል የሚታወቀው በኖረበት እንጂ በጻፈው አይደለም ይላል። ወይዘሮ ማስተዋል ይመር ለሃያ ሦስት ዓመት በቃሉ ለመኖሯ የአረጋውያን መኖሪያ ቤቱ መዝገብ ይመሰክራል። ዛሬ በፈቃዷ የሰጠችው ቃልም፣ የተጎዳን ሰው ጥላ አለማለፏን ያሳያል። ስለዚህ ቃሉ ለእሷ ጸድቋል፤ ልጇም መውረስ ትችላለች። ለምስክሯ የምስጋና ደብዳቤ ይሰጣታል።

የእድሩ ሰዎች አጨበጨቡ። አንደኛው፣ አቶ ጌጡ የሚባሉት፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የቸገረን» አሉ።

ማስተዋል ጭብጨባው ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ተሰማት። «ይሰረዝልኝ» አለች።

«በጸደቀበት ቀን አይሰረዝም» አለች አፎምያ በደግነት። «ከዓመት በኋላ ማመልከት ይችላሉ። እንኳን ደስ አለዎት።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ ረድኤት ገፋችው። «እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት።»

ረድኤት ወረቀቱን አነበበች። እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች። «አልፈርምም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

በዚህ መሐል ሰዓዳ ወጥታ ሄዳ ነበር፤ የምስጋናው ደብዳቤ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ማስተዋል ጃንጥላዋን ትታ ሮጠች። የደረሰችባት ጣቢያው ላይ ነው። የጠዋት ሥራውን ፈጽሞ የሚመለስ ሰው መድረኩን ሞልቶታል፤ ሁሉም ደረቷን አይቶ «ቃልሽ ይጽና» ይላታል። አልመለሰችም። ሰዓዳ ፊት ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯታል።

«ቃልሽን ሰረቅኩሽ» አለች። በአካባቢው የቆሙት ዞሩ። «ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አይቼሽ ያላየሁሽ መሰልኩ። አንዱን ቀን ገበያ ላይ ቲማቲም የምመርጥ መስዬ። እሑድም ይቅርታ ልጠይቅሽ ተነሥቼ፣ ዋሽልኝ ብዬ ለመንኩሽ።»

«ቲማቲሙንስ አይቻለሁ» አለች ሰዓዳ። «የበሰበሰውን ነበር የያዝሽው።»

አንዲት ሴት ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ይቅር በይኝ።»

ሰዓዳ ወደ ሐዲዱ አየች። ባቡሩ ከታች እየመጣ ነበር። «ሰማሁሽ» አለች። «ይቅር ማለቱን ገና አላውቅም፤ ሰው ሰማ ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሰማሁሽ።»

ባቡሩ ቆመ። ሰዓዳ ተሳፍራ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም፤ የደከማት ሰው ፊት ነበራት። በሩ ተዘጋ።

ማስተዋል መድረኩ ባዶ እስኪሆን አልተንቀሳቀሰችም። ዞር ስትል ረድኤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ መቼ እንደመጣች አላወቀችም። ልጅቱ ፊቷን ወደ ሐዲዱ እንዳደረገች ነው።

«አሁን ምን ልትጽፊ ነው?» አለች ማስተዋል።

«አላውቅም። ሁለት ጊዜ ቀርቶኛል።» አለች ረድኤት። «እማ፣ ሌላም አለ?»

«ምን ሌላ?»

«እንደ አሮጊቷ ያለ።»

ማስተዋል «የለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሱ ከዚያ ቅርብ ነበር። «አለ» አለች።

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

ረድኤት በአግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች፤ አልዞረችም። «ከትንሹ ጀምሪ» አለች።

ማስተዋል ተቀመጠች። ከትንሹ ልትጀምር አሰበች፤ የትኛው ትንሽ እንደሆነ ግን መለየት አቃታት። ፀሐዩ አግዳሚውን ማጋል ጀምሯል፤ የጣቢያው ሱቆች ለቀትር እንቅልፍ መዝጊያቸውን እያወረዱ ነው።

«አባትሽ ሆስፒታል ተኝቶ ሲሞት ሥራ ላይ ነበርኩ ብዬሻለሁ» አለች። «ሥራ ላይ አልነበርኩም። የተኛበት ክፍል በር ድረስ መጥቻለሁ። ሲያቃስት ሰማሁትና ፈርቼ ተመለስኩ። እስኪነጋ መኪና ማቆሚያው ላይ ቁጭ አልኩ።»

ረድኤት እጆቿን ጭኖቿ መሐል አድርጋ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በቀር አትንቀሳቀስም። የሚቀጥለው ባቡር መጣ፣ ቆመ፣ ማንም ሳይሳፈር ሄደ።

«ቀጥይ» አለች።